የሐዋሳው ፑንጃቢ ቤት፦ ምግቡ እውነት፣ ሜኑው ትንሽ ውሸት

ስሙን አልጽፍም። ቤቱ ያሉት 14 ወንበሮች ናቸው። ባለቤቱም "ሰው ካበዛህብኝ ጎመኑን ማን ያማስልልኛል?" ብለውኛል። ደግሞ ከታች የማማርርበት ነገር አለ፣ ስም ጠርቼ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አልፈልግም። ሐዋሳ ያላችሁ ግን አታጡትም። አቶቴ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ኮብልስቶኑ ላይ ነው። ባጃጅ ያዙና "ጥምጣም ያላቸው ሽማግሌ ቤት" በሉ፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

መጀመሪያ የሄድኩት በገና ጾም ነው። የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስለሆነ ህንድና ፓኪስታናዊ ማየት ብርቄ አይደለም። ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ በመዓዛው ስንቴ ምራቄን ውጫለሁ። ቁጭ ብዬ፣ አዝዤ፣ ከፍዬ ግን በልቼ አላውቅም ነበር። አንድ ባልደረባዬ "ጾመኛ ከሆንክ ከህንድ ቤት የተሻለ የት አለ? ሥጋ የማይበላ ሕዝብ እኮ ነው" ብሎ ላከኝ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ስህተት። አንደኛ፣ ቤቱ የፑንጃብ ነው፣ ህንድና ፓኪስታን የተካፈሉት አገር፣ እዚያ ደግሞ ሥጋ የሚበላው ብዙ ነው። ሁለተኛውን ስህተት ምግቡ ሲመጣ አየሁት።

ስለ ቤቱ ብዙ የምለው የለም። ንጹሕ ነው። የፕላስቲክ ወንበር፣ አበባ የታተመበት የጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የአምሪትሳሩ ወርቃማ ቤተ መቅደስ ፎቶ (የሲኮች ነው፣ ጥምጣም የሚያደርጉት የፑንጃብ ሃይማኖት ተከታዮች)፣ ከጎኑ የገብርኤል ካላንደር። መታጠቢያው ውሃ ነበረው። ሳሙናም።

ችግሩ መጠበቁ ነው። ካዘዝኩ በኋላ 50 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ አልተጋነነም፣ ሰዓት ይዤ ነው። እና የተራበ ሰው የሚያነበው ሲያጣ ሜኑ ያነባል። ፊቱ ዋጋ ነው። ጀርባው ግን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ የተጻፈ ታሪክ። እንዲህ ይላል፦ "ፑንጃቢ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ሳንስክሪትን የወለደ፣ በሐረፓ ከተማ ይነገር የነበረ የዓለም የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። የሚያዙት ምግብም የዚያው ዘመን ነው።" ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ "ዋጋው ቫትን አይጨምርም።"

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። በፊትም ስለነዚህ ሰዎች ቋንቋ ጥቂት አንብቤ ነበር፣ ፓርኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዬ። እና ምግቡ እስኪመጣ ድረስ እስክሪብቶ አውጥቼ ሜኑውን ማረም ጀመርኩ። (የወረቀት ሜኑ ነው። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።)

ሐረፓ ላይ ልጀምር። ከተማዋ በእርግጥ ፑንጃብ ውስጥ ናት፣ ዛሬ በፓኪስታን በኩል ባለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 ገደማ ደምቃ የኖረች፣ የተጠበሰ ጡብ ቤት፣ የፍሳሽ ቦይ፣ ማኅተም ያላት ከተማ። በ1850ዎቹ እንግሊዞች ከላሆር ወደ ሙልታን ሐዲድ ሲዘረጉ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጡቧን እያፈረሱ የሐዲድ መደላድል አደረጉት። አስቡት፣ የአራት ሺህ ዓመት ግድግዳ ላይ ባቡር ሲያልፍ። ምን ያህል የጥንት እንደሆነች መገለጥ የጀመረው በ1921 ዳያ ራም ሳህኒ ከቆፈረ በኋላ ነው።

ማኅተሞቹ ላይ ጽሑፍ አለ። አጫጭር ነው፣ አብዛኛው አምስት ምልክት ገደማ። እስከ ዛሬ ያነበበው የለም። ብዙ ሰው "አነበብኩት" ብሎ ተነስቷል፣ ሌሎቹን ያሳመነ ግን አልተገኘም። ስለዚህ የሐረፓ ሰው ምን ቋንቋ ይናገር እንደነበር ማንም አያውቅም፣ ሜኑ አታሚው ጭምር።

ቀጥሎ ሳንስክሪትን (የጥንት ህንድ የቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ) ወለደ የሚለው። እዚህ ላይ እናትና ልጅ ቦታ ተቀያይረዋል። ከሳንስክሪት ሁሉ ጥንታዊ የሆኑት የሪግ ቬዳ መዝሙሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1200 ባለው ጊዜ ገደማ የተደረሱት በዚያው ምድር ነው። አገሩን "ሰፕተ ሲንዱ" ይሉታል፣ ሰባቱ ወንዞች። ወንዞቹም በስም ተጠርተዋል፤ ዛሬ ጄሉም የሚባለው ያኔ ቪተስታ ነው፣ ቺናብ አሲክኒ፣ ራቪ ፐሩሽኒ፣ ቢያስ ቪፓሽ፣ ሱትሌጅ ሹቱድሪ። የዚያ ንግግር ታናናሾችና ልጆች ፕራክሪት የሚባሉት የሕዝብ ቋንቋዎች ሆኑ፣ እነሱ ደግሞ በዘመን ብዛት እየተሰባበሩ "አፐብህረምሸ" ወደሚባል ደረጃ ደረሱ፣ ትርጉሙም "የተበላሸ" ማለት ነው (ስሙን ያወጡት ሊቃውንት ናቸው፣ ከስድብ አይሻልም)፣ ከዚያ ነው ከ1000 ዓመት ገደማ ወዲህ እነ ፑንጃቢ ራሳቸውን ችለው የወጡት።

ስሙ ራሱ ደግሞ ፋርስኛ ነው። "ፐንጅ" አምስት፣ "አብ" ውሃ። አምስቱ ውሃ። ከሰባቱ ወንዞች አምስቱ ቀሩ ማለት ነው። ግሪኮችም በራሳቸው ቋንቋ "አምስት ወንዝ" ብለውታል፣ እስክንድርም በ326 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጄሉም ላይ ከንጉሥ ፖሩስ ጋር ተዋግቶ፣ ቢያስ ወንዝ ሲደርስ ሠራዊቱ "በቃን" ብሎት ተመልሷል።

ይህን ሁሉ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ዳሉ መጣ።

ዳል ማከኒ ይባላል። ጥቁር ጥራጥሬና ቦሎቄ አንድ ላይ ቀኑን ሙሉ በቀስታ የበሰለ። መዓዛው ያሰክራል። አስተናጋጇን "እህቴ፣ የጾም ነው አይደል?" አልኳት። "አዎ፣ ሥጋ የለውም" አለችኝ። አንድ ጊዜ ጠቅልዬ ጎረስኩ። ቅቤ! ቅቤ ብቻ ሳይሆን ክሬምም። "ማከን" በቋንቋቸው ቅቤ ነው፣ ማከኒ ማለት ቅቤያም። ስሙ ላይ ተጽፎልኝ እኔ የቋንቋ ታሪክ ሳርም!

ይህ ነው ትልቁ ቅሬታዬ። ሐዋሳ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ረቡዕና ዓርብ ግማሹ ደንበኛ ጾመኛ መሆኑን እያወቁ፣ ሜኑ ላይ "የጾም" የሚል ምልክት አለማድረግ አይባልም። ሥጋ የለውም ማለት ጾም ነው ማለት አይደለም። ለእነሱ አትክልት በል ማለት ወተትና ቅቤን ይጨምራል፣ ለእኛ አይጨምርም። አስተናጋጇ ላይ አልፈርድም፣ እንደነገሯት ነው የምትናገረው። ደግነቱ ዳሉን አንስተው ቾሌ አመጡልኝ፣ በዘይት የተሠራ ሽምብራ፣ ዝንጅብልና ድንብላል የበዛበት፣ ሂሳብ ውስጥም አንዱን ብቻ ነው ያስገቡት። ቾሌው ግሩም ነው። ጾመኞች እሱን እዘዙ።

ሽማግሌው የወጡት ያኔ ነው። ነጭ ጺም፣ ሰማያዊ ጥምጣም፣ ሽርጥ። ልጅቷ "ጋሼ-ጂ" ነው የምትላቸው። "ጂ" በእነሱ ቤት የአክብሮት ቅጥያ ነው፣ እሷ ደግሞ ጋሼ ላይ ደርባ ሁለት እጥፍ አድርጋዋለች። ለቅቤው ይቅርታ ጠየቁኝና ሜኑውን አዩት። በእስክሪብቶ ተጥለቅልቋል። ደነገጥኩ። "ፑተር" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ይህን ጽሑፍ ያተመው ልጅ ነው ከኢንተርኔት ያወጣው። እኔ አማርኛ አላነብም። ምን ይላል?" ነገርኳቸው። ሳቁ፣ እንዲያውም ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ። "5,000 ዓመት? አያቴ እንኳ እንደዚህ አይዋሹም ነበር!"

የተወለዱት ናይሮቢ ነው። ቅድመ አያታቸው ጃላንደር አካባቢ ያለ ገበሬ ነበሩ፣ ዶአባ ከሚባለው አገር። "ዶ" ሁለት፣ "አብ" ውሃ፣ በቢያስና በሱትሌጅ መካከል ስለሆነ። እንግሊዞች ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሐዲድ ሲዘረጉ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ከህንድ አምጥተዋል፣ አብዛኛው ከፑንጃብ፣ ቅድመ አያታቸውም በዚያ ነው የመጡት። ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ፣ እሳቸው ቀሩ። ሽማግሌው ደግሞ ልጃቸው ፓርኩ ውስጥ ሥራ ሲይዝ ተከትለው በሞያሌ መንገድ ወደዚህ ወጡ። አማርኛቸው ስዋሂሊ ስዋሂሊ ይላል፣ ግን ይገባል።

"ስንት ዓመት ነው ታዲያ?" አሉኝ።

በጽሑፍ ከሆነ ባባ ፈሪድ ጋ ነው የሚጀመረው አልኳቸው። ፈሪድ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሱፊ (የሙስሊም መናኝ) ነው፣ እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራ የመጀመሪያው ታላቅ የፑንጃቢ ገጣሚ። ስንኞቹ የቆዩት ደግሞ በራሱ ሃይማኖት መጻሕፍት ሳይሆን በሲኮቹ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፣ አምስተኛው ጉሩ (የሃይማኖቱ መሪ መምህር) አርጀን በ1604 ባስጠናቀሩት። የሙስሊም ሱፊ ቃል በሲክ ቅዱስ መጽሐፍ! ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሁለቱን በቃላቸው ወጡልኝ። አልገባኝም። ግን ዜማው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የቆምኩ አስመሰለኝ።

እኛም ቤት ይህ በሽታ አለኮ። "አማርኛ የ3 ሺህ ዓመት ቋንቋ ነው" ብሎ የሚከራከር ሰው በየሻይ ቤቱ አይጠፋም። በጽሑፍ የተገኘው ጥንታዊ አማርኛ ለነገሥታት የተዘፈኑ መዝሙሮች ናቸው፣ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከነ ዓምደ ጽዮን ዘመን። ከፈሪድ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ማለት ነው። እና ምን ይጠበስ? ቋንቋ ሳይጻፍ ብዙ ይኖራል። ግን "ይኖራል" እና "5,000 ዓመት" መካከል ትልቅ ሜዳ አለ።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ጾም ከተፈታ በኋላ ነው፣ ቅቤውን ልበቀል ብዬ። ያን ቀን ሰርሶን ዳ ሳግ አዘዝኩ፣ ከመኪ ዲ ሮቲ ጋር። በእኛ ቋንቋ፦ የሰናፍጭ ቅጠል ጎመን ከበቆሎ ቂጣ ጋር። ፑንጃቦች ለዚህ ምግብ ይሞታሉ ይባላል፣ እኔም ልሞት ነበር። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጠጥቶ እንደ ሽሮ ይወፍራል፣ ላዩ ላይ አንድ ጉብታ ቅቤ። ቂጣው ትኩስ፣ ጠርዙ የተንጨፈረረ። ጉራጌ እናቴ ብታየው "ይህ የኛ ክትፎ ጎመን ሌላ ልብስ ለብሶ ነው" ትል ነበር።

የሰናፍጩን ቅጠል ከየት አመጡት ብዬ ስጠይቃቸው "ከገበያ፣ የናንተው ጎመን ነው" አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ እንዲያውም ዘመዳሞች ናቸው። የሐበሻ ጎመን የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የወጣ ተክል ነው። የእነሱ ሰርሶን ደግሞ የዚያው የጥቁር ሰናፍጭ ልጅ ነው፣ ከሌላ አባት። ግማሽ ወንድማማች። ለዚህ ነው ጣዕሙ ያልጠፋው።

ግን "የሚያዙት ምግብም የዚያው ዘመን ነው" የሚለው? ጎመኑ ይሁን። ቂጣው በቆሎ ነው፣ በቆሎ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣው ከኮሎምበስ በኋላ ነው። ቃሪያና ቲማቲሙም እንዲሁ። የእኛ በርበሬም። ሐረፓ ውስጥ መኪ ዲ ሮቲ የበላ ሰው የለም። ሐረፓዎች ስንዴና ገብስ ነበራቸው። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ተቀየሙኝ፣ እውነቴን ነው። ቋንቋውን ስነካ ስቀው ቂጣው ላይ ስደርስ ፊታቸው ጠቆረ።

ለማስታረቅ ብዬ ስለ ቁጥር ጠየቅኳቸው። "እስከ አሥር ቁጠሩልኝ።" ኢክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፐንጅ፣ ቼ፣ ሰት... "ቆይ! ሰት? ሰባት? የኛ ሰባት ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ። ዝምድና ያገኘሁ መሰለኝ። አስተናጋጇ ሳህን እያነሳች "በሲዳምኛ ሴቴ ስምንት ነው" አለች። ከዚያ ጥግ ላይ ፓስታ የሚበላ (አዎ፣ ፓስታም አላቸው) አንድ አዛውንት "በጣሊያንኛ ሴቴ ሰባት ነው" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ቋንቋ፣ ድምፁ ተቀራራቢ፣ የጣሊያኑና የፑንጃቡ ብቻ እውነተኛ ዘመዶች ናቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ግንድ ስለወረዱ። አማርኛና ሲዳምኛ ሌላ ቤተሰብ ነን። የእኔ ዝምድና አንድ ደቂቃ አልቆየም።

ግን ከዚያ ቁጥር ውስጥ የተሻለ ነገር ወጣ፣ ይህን ግምገማ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ሽማግሌው "ሰት" ሲሉ "ት"ን ያጠብቁታል። ህንዲ የሚናገር አንድ ሌላ ባልደረባዬ ግን "ሳት" ነው የሚለው፣ አናባቢውን ይስባል፣ "ት"ን ያላላል። ልዩነቱ በሁሉም ቦታ አለ። ሥራ በሳንስክሪት "ከርመ" ነው፣ ያው ካርማ የምንለው ቃል። በፕራክሪት ዘመን "ር" ወደ "ም" ገብታ "ከመ" ሆነች፣ ምዋ ጠብቃ። ፑንጃቢው እስከ ዛሬ "ከም" ይላል፣ ጠብቆ። ህንዲው ማጥበቁን ጥሎ "ካም" ይላል። ጆሮ "ከርነ" ነበር፤ ፑንጃቢው "ከን" ብሎ ያጠብቃል፣ ህንዲው "ካን"። "ፑትር" የሚለው የሳንስክሪቱ ልጅ በሽማግሌው አፍ "ፑተር" ሲሆን "ተ" ትጠብቃለች።

ገባችሁ? ያ መጥበቅ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ የሕዝብ አነጋገር ነው። ጎረቤቶቹ ጣሉት፣ ፑንጃቢ ያዘው። ጥንታዊነት ካማራችሁ፣ ሜኑው ላይ መጻፍ የነበረበት ይሄ ነው። ሐረፓ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ሽማግሌው "ሰት ሮቲ" ብለው ወደ ወጥ ቤት ሲጮሁ ይሰማል።

ይህን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ነው ቶሎ የሚሰማው። እኛ በማጥበቅና በማላላት ነው የምንኖረው። "አለ" ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ይገኛል ነው። "ዋና" ላልቶ ሐይቅ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ አለቃ ነው። መጀመሪያ ሳልሄድ እንኳ ያ የላከኝ ባልደረባዬ "ሄድክ ህንድ ቤት?" ብሎ ሲጽፍልኝ "ገና" ብዬ መለስኩለት። እሱ ለገና በዓል የቀጠርኩ መስሎት "በበዓል ቀን ዶሮ ትተህ?" አለኝ።

ፊደላችን ይህን አይጽፍም። በሰዋስው መጽሐፍ ነጥብ ከላይ ሲያደርጉ አይተናል፣ በኑሮ ግን የለም፣ ከአገባቡ ገምተህ ነው የምታነበው። ሽማግሌው እስክሪብቶዬን ተቀብለው በሜኑው ጠርዝ ላይ "ሰት"ን በጉርሙኪ፣ በራሳቸው ፊደል፣ ጻፉልኝ። ከፊደሉ ላይ ትንሽ ጨረቃ የመሰለች ምልክት አስቀመጡ። "አደክ" ትባላለች፣ ሥራዋ "ቀጥሎ ያለው ይጥበቅ" ማለት ነው። ቀናሁ። አስተናጋጇ ደግሞ መጣችና "እኛማ ሁለት ጊዜ ነው የምንጽፈው" ብላ በሲዳምኛ አንድን፣ "ሚቴ"ን፣ በላቲን ፊደል በሁለት "ት" ጻፈች። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት መፍትሔ። እሺ፣ ሁለት መፍትሔና አንድ ግምት።

ጉርሙኪ "ከጉሩ አፍ" ማለት ነው። ሁለተኛው የሲኮች ጉሩ አንገድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው መልክ ያስያዙት፣ ከነጋዴዎች የሒሳብ ጽሑፍ ዓይነት ተነስተው። መሠረታዊ ፊደሎቹ 35 ናቸው፣ አናባቢው እንደ እኛው ከፊደሉ ጋር ተለጥፎ ይመጣል። ከሳቸው በፊት የነበሩት ጉሩ ናነክ (1469–1539) በሳንስክሪትም በፋርስኛም ሳይሆን ገበሬው በሚሰማው ነው ያስተማሩት። ለቋንቋው ከየትኛውም የ5,000 ዓመት ወሬ በላይ የጠቀመው ይሄ ይመስለኛል።

በፓኪስታን በኩል ያሉት ግን ጉርሙኪን አያነቡም። በዓረብና ፋርስ ፊደል ነው የሚጽፉት፣ ሻሙኪ ይሉታል፣ "ከንጉሥ አፍ"። በ1947 አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል ፑንጃብ መሀሉ ተሰነጠቀ። የፓኪስታኗ ላሆርና የህንዷ አምሪትሳር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው፣ ከሐዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ መልስ። ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም። ሽማግሌው አንድ የላሆር ሰው እዚሁ ቤት መጥቶ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ "ይህ ምን ይላል?" ብሎ እንደጠየቃቸው ነገሩኝ። ጽሑፉ "እንኳን ደህና መጣህ" ነው የሚለው፣ በገዛ ቋንቋው። ሰውየው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሄደ አሉ።

ቁጥሩ ደግሞ ይገርማል። በፓኪስታን የ2017 ቆጠራ ፑንጃቢን የአፍ መፍቻዬ ያለው ሕዝብ 39 በመቶ ገደማ ነው፣ ከየትኛውም ቋንቋ የሚበልጥ፣ ወደ 80 ሚሊዮን። ሆኖም እዚያ ትምህርት ቤቱ በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነው። በህንድ በኩል 33 ሚሊዮን ገደማ ነው በ2011 ቆጠራ፣ ግን በ1966 ክልሉ በቋንቋ ስለተካለለ ትምህርቱም ቢሮውም በፑንጃቢ ነው። የብዙኃኑ ወገን ትምህርት ቤት ያጣበት፣ የጥቂቱ ወገን ያገኘበት።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሂሳቡ ልሂድ። ፑንጃቢ እንደ ቻይንኛ ዜማ አለው፣ ያንኑ ቃል በተለያየ ከፍታ ስትለው ትርጉሙ ይለወጣል። "ኮራ" ዝቅ ብሎ ሲነገር ፈረስ፣ ከፍ ብሎ ለምጻም፣ ሳይወጣ ሳይወርድ ሲነገር አለንጋ። ፈረሱ ድሮ "ጎራ" ዓይነት ነበር፣ ከባድ ትንፋሽ ያለበት "ግ" ነበረው፣ ትንፋሹ ሲጠፋ ዜማውን ትቶ ሄደ። ሞከርኩ። ሦስቱንም አንድ አድርጌ አልኳቸው። "ፑተር፣ ለምጻሙን ጋልበኸዋል" አሉኝ። በአማርኛ ኮራ ማለት ምን እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

ላሲው ለእኔ ጣፈጠብኝ። እርጎ ነው፣ ተመትቶ፣ ስኳር ገብቶበት። በጨው እዘዙት፣ ከእኛ አሬራ ብዙም አይርቅ። ስኳር ስል ግን፣ ቃሉ ራሱ ከዚያው አገር ነው የተነሳው። ሳንስክሪቱ "ሸርከራ"፣ ፑንጃቢው "ሸከር" (ከ ትጥበቅ)፣ ፋርሱ ወስዶ፣ ዓረቡ "ሱከር" ብሎ፣ እኛ ስኳር አልነው። የባባ ፈሪድ ቅጽል ስም እንዲያውም "ገንጅ ሸከር" ነው፣ የስኳር ግምጃ ቤት። ዝንጅብልም በዚያው መንገድ ነው የመጣው። ከነዚህ ሰዎች ጋር ዝምድና ስፈልግ ሰባት ላይ ከምጮህ ሻዬን ባማስል ይሻለኝ ነበር።

ፓኒሩን አልወደድኩትም። አይብ ነው፣ ተጭኖ የደረቀ፣ ግን የእኛን አይብ የለመደ አፍ ላስቲክ ያኘከ ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልሆነም።

ዋጋ፦ ሳግ ከሁለት ሮቲ ጋር 380 ብር፣ ቾሌ 320፣ ፓኒር 520፣ ላሲ 150። ቫቱን ራሳችሁ ደምሩ። ሁለት ሮቲ አይበቃም፣ ሦስተኛው 40 ብር ነው፣ መጀመሪያውኑ ሦስት ቢያደርጉት ጥሩ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም፣ ሻማ ያበራሉ፣ ምግቡም የበለጠ ይዘገያል። ከሰዓት 7 ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ሳጉ አልቋል። ሰኞ ዝግ ነው። ለምግቡ ከ10 ስምንት ተኩል፣ ለፍጥነቱ ሦስት፣ ለሜኑው ጀርባ መጀመሪያ ዜሮ ሰጥቼው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። አዲስ ሜኑ አላሳተሙም፣ አሮጌውን በእስክሪብቶ ነው ያረሙት። 5,000 ላይ ተሰርዞ 1,000 ተጽፏል፣ "ሳንስክሪትን የወለደ" የሚለው "የሳንስክሪት ዘር" ሆኗል፣ በልጅቷ እጅ ጽሑፍ። ስለ ምግቡ ዘመን የሚለው መስመር ግን እንዳለ ነው፣ አልተነካም። "ቂጣውስ ጋሼ?" ብላቸው ሰምተው እንዳልሰማ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ዳል ማከኒው ጎን ደግሞ አሁንም ምንም ምልክት የለም፣ ስለዚህ ጾመኞች ተጠንቀቁ።